አደይ አበባና የመስቀል ወፍ ዓመቱን የት ይከርማሉ?

ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አደይ አበባና ስለ መስቀል ወፍ የሚጠይቁ ሆነው አገኘናቸው። ስለዚህ የዚህን እትም የጥያቄና መልስ ዐምድ ለሁለቱ ብቻ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ አንድ የዱር አበባና አንድ ወፍ መርጠው እንዲያነጻጽሩ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደይ አበባንና የመስቀል ወፍን መረጡ፤ ሁሉም «ሁለቱም በዓመት አንዴ ይመጣሉ» ብለው ጻፉ። ልክ ነው ብዬ ልረመው? ከዚህ ሌላስ በእርግጥ የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልክ አይበሉት። ነገር ግን በኤክስ ብቻም አይለፉት፤ ከዚህ የተሻለ የትምህርት መነሻ አይገኝምና። ሁለቱም አይመጡም፤ ሁለቱም አይሄዱም። ዓመቱን ሙሉ ከእኛው ጋር ናቸው፤ የማናያቸው መልካቸውን ስለሚቀይሩ ነው።

ከአበባው እንጀምር። አደይ አበባ የአንድ ክረምት ተክል ነው። ከሰኔ ዝናብ ጋር ይበቅላል፣ በመስከረምና በጥቅምት ያብባል፣ በኅዳር ዘሩን አራግፎ ከነሥሩ ይደርቃል። በሚቀጥለው መስከረም የምናየው አበባ የአምናው ተክል አይደለም፤ ልጁ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት ድረስ አደይ አበባ የሚኖረው በመንገድ ዳር፣ በእርሻ ድንበርና በገደል አፋፍ አፈር ላይ በወደቀ ዘርነት ብቻ ነው።

ወፉ ደግሞ ቆላ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመለስ እየመሰለን «እንደ መስቀል ወፍ ጠፋህ» እንባባላለን። እውነቱ ግን በጥር ወር ከጤፍ ገለባ ክምር ሥር እህል ሲለቅሙ ከሚታዩት ቡናማ፣ ደረታቸው ዝንጉርጉር ትንንሽ ወፎች መካከል አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል። ወንዱ የክት ልብሱን የሚለብሰው በክረምት ነው። ከበጋው መግቢያ ጀምሮ ያንን ልብስ አውልቆ ከሴቷ ጋር አንድ መልክ ይይዛል። ሴቷማ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ናት፤ በመስከረምም ከወንዱ አጠገብ እያለች ስለማናስተውላት ብቻ «ወፏ» የምንለው ሁልጊዜ ወንዱን ነው።

አሁን ወደ ማነጻጸሩ። ተማሪዎችዎ አንድ አደይ አበባ ይዘው ይምጡና መሀሉን በጥፍር ለሁለት ይሰንጥቁት። «አንድ አበባ» የምንለው ብዙ አበቦች አንድ ላይ የተሰበሰቡበት ማዕድ መሆኑን ያያሉ። በመሀል ያሉት ጥቃቅን ቱቦዎች እያንዳንዳቸው ሙሉ አበባ ናቸው፤ የወንዴ ብናኝም የሴቴ ክፍልም አላቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ዘር ይሰጣሉ። ዙሪያውን የተዘረጉት ሰፋፊ ቢጫ ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አበባ ናቸው፤ ግን መካን ናቸው፣ ዘር አይሰጡም። ሥራቸው ንብ መጥራት ብቻ ነው። የወንዱ ወፍ ላባም እንዲሁ ነው። ቀዩ ወይም ቢጫው ላባ ጎጆ ውስጥ እንቁላል አያሞቅም፣ ጫጩት አያበላም፤ ሴቷን ለመጥራትና ሌላውን ወንድ «ይህ ሣር የእኔ ነው» ብሎ ለማራቅ ብቻ የተሠራ ነው። ተማሪዎች በሠንጠረዣቸው መጀመሪያ ላይ መጻፍ ያለባቸው ተመሳሳይነት ይህ ይመስለናል።

ሁለተኛው የቀለሙ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ካሮቲኖይድ የሚባለው ቀለም በሁለቱም ዘንድ አለ፤ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገውም እሱ ነው። ተክሉ ይህን ቀለም ራሱ ይሠራል፤ በአደይ አበባ ዘመዶች ላይ ሌሎች ቢጫ ቀለሞችም ይጨመሩበታል። ወፍ ግን ካሮቲኖይድን በሰውነቱ መሥራት አይችልም፤ ከሚበላው የሣር ፍሬና ከነፍሳት ማግኘት አለበት። በዚህም የተነሳ ሰዎች ወፍ በሚያሳድጉበት የሽቦ ቀፎ ውስጥ ደረቅ እህል ብቻ እየበላ የሚኖር ቀይ ወፍ፣ ላባውን ሲቀይር ቀዩ እየደበዘዘ ወደ ፈዛዛ ብርቱካናማ ይወርዳል።

ሦስተኛው የአለባበሱ መንገድ ነው። ላባ አንዴ አድጎ ካበቃ በኋላ እንደ ጥፍር የሞተ ነገር ነው፤ ቡናማ ላባ ውሎ አድሮ ወደ ቀይ አይለወጥም። ቡናማው መርገፍ፣ በቦታው አዲስ መብቀል አለበት። ለዚህ ትእዛዝ የሚሰጠው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የተባለ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ወንዱን በቅርብ ካዩት ደረቱ ላይ ቀይ፣ ጥቁርና ቡናማ ተደባልቆ እንደ ተጣጣፈ ልብስ ሆኖ ያገኙታል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ወፉ የታመመ ይመስለዋል፤ ልብስ እየቀየረ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ለተማሪዎችዎ ይንገሯቸው። በኢትዮጵያ ደጋ በብዛት የሚታወቀው አደይ አበባ በሳይንስ ስሙ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ይባላል። «ቢደንስ» በላቲን «ሁለት ጥርስ» ማለት ነው፤ በዚህ ወገን ብዙ ተክሎች ዘር ጫፍ ላይ ሁለት እሾህ መሰል ነገር ስላለ ነው። «ማክሮፕቴራ» ደግሞ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ትልቅ ክንፍ ያለው» ማለት ነው፤ የዘሩ ጠርዝ ላይ ስስ ክንፍ አለና። ይህን ዝርያ አሁን ባለበት ወገን ያስቀመጠው ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ነው፤ ስሙም ከተክሉ የሳይንስ ስም ጎን ተጽፎ ይገኛል። ክንፍ የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ ያለው ለአበባው መሆኑን ልጆቹ ይወዱታል። የብዙዎቹ የመስቀል ወፎች የወገን ስም ዩፕሌክተስ ሲሆን «ጥሩ ሸማኔ» እንደ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የመስቀል ወፍ የትኛዋ ናት? እኔ ጥቁርና ቢጫ ነው የማውቀው፤ ባለቤቴ ቀይ ነው ትላለች፤ አባቴ ደግሞ ጅራቷ ረጅም ነው ብለው ይከራከራሉ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሦስታችሁም ልክ ናችሁ። የመስቀል ወፍ የአንድ ዝርያ ስም አይደለም፤ በክረምት መጨረሻ አጊጠው የሚታዩ የተለያዩ ወፎች በየአገሩ በዚህ ስም ይጠራሉ። በብዛት የሚጠሩት እነዚህ ናቸው።

እርስዎ የሚያውቁት በደጋው ሣር ሜዳና ቁጥቋጦ ላይ የሚታየው ነው። ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ድፍን ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ላይ ደማቅ ቢጫ አለው። ይህ ወንድ በበጋ ቡናማ ቢሆንም የወገቡን ቢጫ አይተወውም። በየካቲት ከመንገድ ዳር ቡናማ ወፍ ብድግ ብላ ስትበር ከጅራቷ በላይ ቢጫ ብልጭ ካለ እሱ ነው። የመስቀል ወፍ በበጋም እዚሁ እንዳለ በዓይን ለማረጋገጥ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም።

የባለቤትዎ ቀይ ወፍ ከ11 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ቀዩ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ እሳት የመሰለ፣ ግንባሩና ሆዱ ጥቁር ነው። ይህኛው ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ቦታ ይወዳል፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ ባለ ረጅም ሣርና በማሽላ ማሳ አጠገብ ይገኛል።

የአባትዎ ባለ ረጅም ጅራት ወፍ ከሁለት አንዱ ነው። ሰውነቱ ጥቁር ሆኖ አናቱና ማጅራቱ ቀይ ከሆነ የነዚሁ የሁለቱ የቅርብ ዘመድ ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ምንቃሩ ቀይ፣ ጅራቱ አራት ቀጫጭን ጥቁር ላባ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወገን ነው። ይህ ሰውነቱ 12 ወይም 13 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጅራቱ ብቻውን 20 ይደርሳል። ስለዚህኛው አንድ ነገር ማወቅ ይገባል፦ ጎጆ አይሠራም። ሴቷ እንቁላሏን ዋክስቢል በሚባሉ ትንንሽ ወፎች ጎጆ ውስጥ ትጥላለች፤ ጫጩቷን የሚያሳድጉት እነሱ ናቸው። እንዲሁ በሌላ ወፍ ጎጆ የምትጥለው የኩኩ ወፍ ጫጩት የባለቤቶቹን ልጆች ገፍቶ ይጥላል፤ የዚህች ጫጩት ግን አብራቸው ታድጋለች። የአፏ ውስጥ ነጠብጣብ እንኳ የባለቤቶቹን ጫጩቶች ይመስላል።

እግረ መንገዳችንን፦ በመስከረም ከአውሮፓ የሚመጣ ቢጫ ወፍም አለ፤ ከከብት እግር ሥር እየሮጠ ረጅም ጅራቱን ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛውዘው። እሱ በእርግጥ ስደተኛ ነው። «የመስቀል ወፍ ከውጭ አገር ይመጣል» የሚለው አባባል አንዳንዴ ሁለቱን ከማምታታት የሚመነጭ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ የመስቀል ወፍ የአደይ አበባን ወለላ ይቀስማል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይቀስምም። ምንቃሩ አጭርና ወፍራም የእህል መሰበሪያ ነው፤ ምግቡ በዋናነት የሣር ፍሬ፣ ለጫጩት ደግሞ ነፍሳት ነው። አደይ አበባ ላይ ቢያርፍ ከፍ ብሎ ለመታየት ነው። ወለላው የንብ ነው፤ የደጋው ንብ አናቢ የጥቅምትና የኅዳር ማሩን በአብዛኛው የሚቆርጠው ከአደይ አበባና ከመጭ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዝናቡ ነው፤ ያው ዝናብ አደዩን ሲያሳድግ ወፉ የሚሸሸግበትንና የሚበላውን ሣርም ያሳድጋል።

ጥያቄ፦ ከመስቀል በኋላ ማሽላችን ሲያሽት ቡናማ ወፎች በመንጋ ይወርዳሉ። አንዳንዱ ግሪሳ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልብሱን ያወለቀ የመስቀል ወፍ ነው፣ አትንኩት ይላል። እንዴት ነው የምንለየው? (ከሰሜን ሸዋ ቆላ)

መልስ፦ ምንቃሩን ይመልከቱ። ከሩቅ ስለማይታይ አቅራቢ መነጽር ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ በጠዋት ፀሐይ፣ ፀሐይዋን ከጀርባ አድርገው በ15 ሜትር ርቀት ይጠብቁ።

የግሪሳ ምንቃር ወፍራምና ደማቅ ቀይ ነው (በመራቢያ ወቅት የሴቷ ወደ ቢጫ ይለወጣል)። ልብሱን ያወለቀው ቀይ የመስቀል ወፍ ምንቃሩ የፈዘዘ ቡናማ፣ እንደ ቀንድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ነው፦ ባለ ረጅም ጅራቱ ጥቁርና ነጭ ወፍ በበጋ ጅራቱን ጥሎም ምንቃሩ ቀይ እንደሆነ ይቀራል። እሱን የሚለየው ራሱ ላይ ያለው መስመር ነው፤ አናቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የተሳሉ ጉልህ ጥቁርና ገለባማ መስመሮች አሉት። ምንቃሩም ከግሪሳ ይልቅ ትንሽ ነው።

ሁለተኛው መለያ አበራረሩ ነው። ግሪሳ በሺዎች ሆኖ እንደ ጭስ እየተጠቀለለ ይበርራል፤ ከኋላ ያሉት በፊተኞቹ ላይ እየዘለሉ ማሳው ላይ የሚንከባለሉ ይመስላሉ። የመስቀል ወፍ መንጋ ሳስ ያለ ነው፤ ዝርያዎቹም ድብልቅ ናቸው። ድብልቅ ስለሆነም አንድ ወፍ አይቶ መፍረድ አይገባም፤ ከመንጋው ቢያንስ 10 ምንቃር ይቁጠሩ። ከ10 አንድ ወይም ሁለት ቀይ ቢሆን ግሪሳ ወረደ አይባልም፤ ስምንትና ዘጠኝ ቀይ ከሆነ ግን ቀን ሳይሰጡ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይንገሩ። ሲነግሩም ማሳውን ብቻ ሳይሆን ማታ የሚያድሩበትን ቦታ፣ ፊላ ይሁን ግራር፣ አይተው ይንገሩ። ግሪሳን የሚከላከሉ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

የመስቀል ወፍም ቢሆን እህል ይበላል፤ አይነካም አንልም። ግን ጉዳቱ በአብዛኛው በማሳው ጠርዝ ላይ ነው። እህሉ ወተት ከያዘበት ቀን እስኪጠነክር ድረስ ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓትና ከአሥር ሰዓት በኋላ ጠርዙን በጅራፍ ጩኸት መጠበቅ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ መዋል ለግሪሳ ነው።

ጥያቄ፦ ግቢዬ ውስጥ አደይ አበባ ለማብቀል ሁለት ዓመት ሞከርኩ። መጀመሪያ ለእንቁጣጣሽ ከተገዛው እቅፍ ዘሩን አድርቄ ዘራሁ፤ ምንም አልወጣም። ዘንድሮ ከዘመድ የመጣ ደህና ዘር ፍግ ባለበት መደብ ላይ ሦስት ጣት ያህል ቀብሬ ዘራሁት፤ ጥቂት በቀለ፣ ከእኔ በላይ ረዘመ፣ ነሐሴ ላይ ተኝቶ ቀረ። የበደልኩት ምንድን ነው? (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ዘር አልደረሰም ነበር። መስከረም 1 ቀን የሚሸጠው አበባ ገና መከፈቱ ነው፤ ውስጡ ያለው ዘር ነጭና ለስላሳ ነው፤ ቢደርቅም ባዶ ነው። የሁለተኛው ስህተት ሁለት ነው፦ ጥልቀቱና ፍጉ። አደይ አበባ የመንገድ ዳር ተክል ነው፤ ሲጠግብ ቅጠልና ግንድ ያወጣል፣ ግንዱ ውኃ ሞልቶት ይለሰልሳል፣ የነሐሴ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያስተኛዋል።

በዚህ ዓመት እንዲህ ያድርጉ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ፣ ቢጫው ረግፎ መሀሉ ቡናማ ሆኖ እንደ ትንሽ መጥረጊያ ሲበተን፣ ጤዛ ከደረቀ በኋላ ይልቀሙ። ከአንድ ተክል ሁሉንም አይውሰዱ፤ ከብዙ ተክል ጥቂት ጥቂት ይውሰዱ። የደረሰ ዘር ጠፍጣፋ፣ ጥቁር ቡናማና ጠርዙ ክንፍ ያለው ነው። በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ጠንከር ብሎ ከገፋዎት ሙሉ ነው፣ ከተደፈጠጠ ባዶ ነው። ጥላ ውስጥ ወረቀት ላይ አንድ ሳምንት ያድርቁና በወረቀት ከረጢት ያስቀምጡት። ላስቲክ ውስጥ ከሆነ ይሻግታል።

ግንቦት ላይ ይፈትኑት፦ 10 ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በሳህን ላይ ያኑሩ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ እንጂ ውኃ እንዳይቆምበት። በሁለት ሳምንት 6 ወይም 7 ካቆጠቆጠ ጥሩ ዘር ነው። 2 ወይም 3 ብቻ ከሆነ መጠኑን እጥፍ አድርገው ይዝሩ።

መደቡ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። አፈሩ መረሬ ከሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይደልድሉት፤ የሐምሌ ውኃ የቆመበት ቡቃያ ሥሩ ይበሰብሳል። ፍግም ማዳበሪያም አይጨምሩ። ዝናቡ ጸንቶ አፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከራሰ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ አንድ እፍኝ ዘር ከአራት እፍኝ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ይበትኑ። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ40 እስከ 50 ዘር ይበቃል። ላዩን በመጥረጊያ ዳሰስ አድርገው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አፈር ብቻ ያልብሱት፣ ከዚያ በመዳፍ ወይም በጣውላ ይጫኑት። ካልተጫነ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ጠርጎ ወደ አንድ ጥግ ይሰበስበዋል።

በአንድና በሁለት ሳምንት ሁለት ረዘም ያሉ ጠባብ ቅጠሎች ይወጣሉ፤ ከነሱ ቀጥሎ የሚመጡት የተሰነጣጠቁ ናቸው። ብዙ አደይ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ አራሚው አረም መስሎት ይነቅለዋል። መደቡ ላይ ችካል ይትከሉ፣ ለሚያርመው ሰውም ቡቃያውን ያሳዩት። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በተክሎቹ መካከል 25 ሴንቲ ሜትር እንዲኖር ያሳሱ፤ በካሬ ሜትር 16 ተክል ይቀራል። ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን በጣት ቢቀነጥቡት ቅርንጫፍ ያበዛል፣ አይተኛም። ከሐምሌ ወዲያ ግን አይቀንጥቡ፤ አበባው ከመስቀል ያልፍብዎታል።

ሌላ ቢጫ አበባ በአደይ ስም እንዳይሰጥዎትም ይጠንቀቁ። መጭና ኑግ ቅጠላቸው ያልተሰነጠቀ ሆኖ ግንዱን እቅፍ ያደርጋል፤ የኑግ ዘር የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነው፣ ክንፍ የለውም። ጭጎጊት (የሰይጣን መርፌ የሚሉትም አሉ) የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዘሩ ቀጭን መርፌ ሆኖ ልብስ ላይ ይሰካል። እሱን ከዘሩ ለብዙ ዓመት ሲነቅሉ ይኖራሉ።

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ነው የምንኖረው። በነሐሴ መጨረሻ መናፈሻ ውስጥ ጥቁርና ነጭ፣ ጅራቱ ረጅም፣ ምንቃሩ ቀይ ወፍ አየን። እናቴ «የመስቀል ወፍ ነው» ብላ አለቀሰች። ሊሆን ይችላል? አደይ አበባስ ዘሩን ከአገር ቤት አምጥተን መዝራት እንችላለን? (ከካሊፎርኒያ)

መልስ፦ እናትዎ አልተሳሳቱም። ያያችሁት ከላይ ለደብረ ብርሃኑ አንባቢ የገለጽነው ወፍ ነው። ዝርያው የአፍሪካ ነው፤ ለቀፎ ተብሎ ከተወሰደው እያመለጠ ወይም እየተለቀቀ በደቡብ ካሊፎርኒያ ተራብቷል። እዚያም ጎጆ አይሠራም፤ እንቁላሉን የሚጥለው እሱው እንደመጣበት መንገድ ከእስያ መጥታ በተራባች ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ነው። ቀዩም የመስቀል ወፍ በሎስ አንጀለስ አካባቢ በወንዝ ዳር ረጅም ሣር ውስጥ አለ። ሁለቱም በዚያ አገር ሞቃት ወቅት መጨረሻ ያጌጡ ስለሆኑ እንቁጣጣሽ ሰሞን ማየት ይቻላል፤ በታኅሣሥ ቢፈልጓቸው ግን ቡናማ ሆነው ነው የሚጠብቋችሁ።

ዘሩን ግን አታምጡ። ወደ አሜሪካ የሚገባ የተክል ዘር የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ በሻንጣ የመጣው ይወረሳል። ደግሞም አዲስ ቢደንስ በባዕድ ምድር ማስለቀቅ ያው የቀፎውን ወፍ መልቀቅ ነው። ለዓይን በጣም የሚቀርበው በችግኝ መሸጫዎች የሚገኘው ቢደንስ ፌሩሊፎሊያ ነው። አገሩ ሜክሲኮና ደቡብ አሪዞና ነው፣ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ፣ አበባው ወርቅማ ቢጫ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ማሰሮ አንድ ችግኝ ይትከሉ፣ ሙሉ ፀሐይ ይስጡት። በሐምሌ መጨረሻ ከተክሉ አንድ ሦስተኛውን ቢከረክሙት ለመስከረም አዲስ አበባ ይዞ ይደርሳል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላሉ አንባቢዎች ደግሞ የዚያው አገር ተወላጅ የሆነው ቢደንስ አሪስቶሳ ይሻላል። ዘሩ የክረምት ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ በኖቬምበር ውጭ ይዘራል፤ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ያብባል። እርጥብ ቦታ ይወዳል፤ ራሱን በራሱ ስለሚዘራ የማትፈልጉትን ዘር ሳያራግፍ ቁረጡት።

ጥያቄ፦ ለመስቀል የቤታችንን ጀርባ ሣር ስናጭድ ከሣሩ ጋር የተሸመነ ጎጆ አገኘን፤ ውስጡ ሦስት ሰማያዊ እንቁላል ነበር። አጫጁ ሳያየው ቆርጦት ነበርና ዛፍ ላይ ሰቀልነው፤ እናቲቱ አልተመለሰችም። ምን ማድረግ ነበረብን? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ከተቆረጠ በኋላ ብዙ የሚደረግ አልነበረም። የቀዩ የመስቀል ወፍ ጎጆ ከሣሩ ግንድ ጋር የተሠራ ነው፤ ሴቷ የምታውቀው ያንን ሣር ነው፣ ዛፍ ላይ አትፈልገውም። ሣሩ ሳይበጠስ ተጋድሞ ቢሆን ኖሮ ሦስት ወይም አራት ቀጫጭን ዘንጎች ዙሪያውን ተክላችሁ፣ ሣሩን እንደ ነበረ ወደ ላይ አቁማችሁ በልቅ ገመድ ብታስደግፉት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የመመለስ ዕድል ነበራት።

የሚቀጥለውን ዓመት ግን ማትረፍ ይቻላል። ጎጆው ከቡጢ የሚበልጥ ሞላላ ኳስ ነው፣ መግቢያው በጎን በኩል ወደ ላይ ነው። ወንዱ ከለምለም ሣር ቅርጹን ይሸምናል፤ ከወደደችው ሴቷ ውስጡን በለስላሳ የሣር ራስ ታነጥፈዋለች። አንድ ወንድ በአንድ ክረምት ብዙ ጎጆ ስለሚሠራ፣ አንዱን ካያችሁ በአካባቢው ሌሎችም አሉ። እንቁላል ለመፈልፈል ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ጫጩት ለመብረር ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። መስከረም 10 ላይ እንቁላል ያለበት ጎጆ እስከ ጥቅምት 10 ድረስ ሣሩ መቆም አለበት ማለት ነው።

ከማጨዳችሁ ሁለት ቀን በፊት ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ዳር ቆማችሁ ተመልከቱ። ወንዱ ላባውን ነፍቶ እንደ ቀይ ኳስ ሆኖ፣ ክንፉን እንደ ጥንዚዛ እያርገበገበ፣ በሣሩ አናት ላይ ቀስ ብሎ ሲንሳፈፍ ታዩታላችሁ። የሚመላለስበት ክልል የጎጆው መንደር ነው፤ ዙሪያውን በአራት ችካልና በቀይ ጨርቅ ምልክት አድርጉበት። ቄጤማና ድርቆሹን ከሌላው ወገን እጨዱ፤ በምልክቱ ዙሪያ ሦስት ሜትር ሳታጭዱ ተዉ። ሣሩን ገልጣችሁ አትዩ፤ የተገለጠ ሣር ለድመትና ለቁራ መንገድ ይሆናል። ሴቷ በምንቃሯ ነፍሳት ይዛ ወደ ሣሩ ከገባች ጫጩቶች ተፈልፍለዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምራችሁ 15 ቀን ቁጠሩና ቀሪውን እጨዱ።